7 በመቶ ከ9 በመቶ የሚበልጥበት ጊዜ

የአንባቢያን የገንዘብ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም ከሐዋሳ የተጻፉ ሲሆኑ፣ የሁሉም ጉዳይ የቁጠባ ወለድ ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሦስት ባንኮች ዘንድ ራሳቸው ሄደው የተነገራቸውን በዝርዝር ስለጻፉልን፣ አብዛኛውን ቦታ የሰጠነው ለእርሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ በአሮጌው ገበያ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። በግንቦት ወር የ300,000 ብር ዕቁብ ወጥቶልኛል፤ ሱቁን የማዞርበት 120,000 ብርም አለኝ። ሁለቱም ወለድ በማይታሰብበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከፒያሳ እስከ መነኻሪያ ባለው መንገድ ሦስት ባንኮች ገብቼ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ለመደበኛ ቁጠባ 7 በመቶ እንደሚከፍልና ወለዱን በየዕለቱ ቀሪ ሂሳብ ላይ እንደሚያሰላ ነገረኝ። ሁለተኛው «ልዩ ቁጠባ» ለሚለው ሂሳብ 9 በመቶ ይከፍላል፤ ነገር ግን በወረቀቱ ግርጌ ወለዱ የሚታሰበው በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ላይ እንደሆነ፣ ሂሳቡ ከ50,000 ብር በታች ከወረደም የዚያ ወር ወለድ ወደ 7 በመቶ እንደሚመለስ ተጽፏል። ሦስተኛው በጊዜ ገደብ ካስቀመጥሁ ለ6 ወር 10 በመቶ፣ ለአንድ ዓመት 12 በመቶ እንደሚሰጠኝ፣ ቀኑ ሳይደርስ ካወጣሁ ግን በ7 በመቶ ብቻ እንደሚታሰብልኝ አስረዳኝ። በየወሩ መጨረሻ ለአቅራቢዎቼ እከፍላለሁ፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የዓመቱን በርበሬ ከሃላባና ከማረቆ እገዛለሁ። ባለቤቴ «12 በመቶውን ያዢ» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ «ባንክ የገባ ብር እንደ ጨው ይሟሟል» ትላለች። የማንን ልስማ?

ወ/ሮ ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወ/ሮ ት.፣ የወረቀቱን ግርጌ ማንበብዎ ሊመሰገን ይገባዋል። በባንክ መስኮት በሠራሁባቸው ዓመታት «ወለዳችሁ ስንት ነው?» የሚል ደንበኛ በየቀኑ ይገጥመኝ ነበር፤ «ወለዱ የሚታሰበው በየትኛው ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኔም ካልተጠየቅሁ አልናገርም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በመጀመሪያ በሦስቱም ባንኮች የሰሙት 7 በመቶ ከየት እንደመጣ ልግለጽ። ይህን ቁጥር የወሰነው ብሔራዊ ባንክ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ከውጭ ገንዘቦች አንጻር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ፣ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድም በዚያው ጊዜ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ቃሉ «ዝቅተኛ» መሆኑን ልብ ይበሉ። 7 በመቶ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ስለሆነም 7 በመቶ የሚከፍልዎ ባንክ ከግዴታው በላይ ምንም አልጨመረልዎትም፤ ከዚያ በላይ የሚከፍለው ደግሞ ገንዘብዎን ፈልጎ፣ በምላሹም አንድ ነገር እንዲተውለት ጠይቆ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ባንክ ያገኙት ጭማሪ ምን እንደሚያስተውዎት ማወቅ አለብን።

የሱቁን 120,000 ብር እንውሰድ። ለስሌቱ እንዲመቸን ወሩን 30 ቀን፣ ዓመቱን 12 እኩል ወር እናድርገው። ገንዘቡ ለ24 ቀናት ሳይነካ ቆይቶ፣ በ25ኛው ቀን ለአቅራቢዎች 100,000 ብር ከፍለው ለቀሩት 6 ቀናት 20,000 ብር ብቻ ይቀራል እንበል፤ በአዲሱ ወር መባቻም ሽያጩ ተሰብስቦ ሂሳቡ ወደ ቦታው ይመለሳል። በየዕለቱ ቀሪ ሂሳብ የሚያሰላው የመጀመሪያው ባንክ የ30ዎቹን ቀናት አማካይ ሲወስድ 100,000 ብር ያገኛል፤ በ7 በመቶ የወሩ ወለድ 583 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ሁለተኛው ባንክ ግን 24ቱን ቀናት እንዳልነበሩ ቆጥሮ የሚያየው 20,000 ብሩን ብቻ ነው። በዚህ ላይ በ9 በመቶ ቢያስብልዎት እንኳ 150 ብር ነው፤ ሂሳቡ ከ50,000 ብር በታች ስለወረደ ግን 9ኙም ቀርቶ በ7 በመቶ 116 ብር ከ67 ሳንቲም ብቻ ያገኛሉ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ፣ በአንድ ዓይነት ወር፣ በግድግዳው ላይ ትልቁን ቁጥር የለጠፈው ባንክ የሚከፍልዎ ትንሹን ብር ነው። «ልዩ ቁጠባ» መጥፎ ሂሳብ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ገንዘቡን አስገብቶ ወር ከወር ለማይነካ ሰው፣ ለምሳሌ ደመወዙ በሌላ ሂሳብ ለሚገባለትና ለቤት መሥሪያ ለሚያጠራቅም ሰው፣ 9 በመቶው እውነተኛ 9 በመቶ ነው። በየወሩ ለሚገባና ለሚወጣ የነጋዴ ገንዘብ ግን አልተሠራም። ስለዚህ የሱቁ ማዞሪያ በመጀመሪያው ባንክ በመደበኛ ቁጠባ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ለአቅራቢዎችዎ በቼክ የሚከፍሉ ከሆነ ብቻ ለዚያ የሚበቃዎትን ያህል በተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ውስጥ ይተዉ።

አሁን ወደ ዕቁቡ 300,000 ብር እንምጣ። ባለቤትዎ 12 በመቶውን መምረጣቸው አያስገርምም፤ ነገር ግን እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ ውስጥ መልሱን ሰጥተውታል፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በርበሬ ይገዛሉ። በሰኔ መጀመሪያ ገንዘቡን ለአንድ ዓመት አስረው በኅዳር መጨረሻ ቢፈቱት፣ በውሉ መሠረት ለስድስቱ ወራት የሚታሰብልዎ በ7 በመቶ 10,500 ብር ነው። ከመጀመሪያውኑ ለ6 ወር ብቻ በ10 በመቶ ቢያስቀምጡት ግን 15,000 ብር ያገኛሉ። 12ን ተመኝቶ 7 ይዞ መመለስ 4,500 ብር ያስከፍላል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። የእርስዎ ባንክ ደግ ሆኖ 7 በመቶውን ይተውልዎታል እንጂ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለተፈታ ውል አንድም ሳንቲም ወለድ የማይከፍል ውል የፈረሙ ደንበኛ አጋጥመውኛል፤ ይህን አንቀጽ ከመፈረምዎ በፊት ጣትዎን አስደግፈው ያስነብቡ።

«እስከ ሰኔ ድረስ ባልነካውስ?» ይሉ ይሆናል። እንግዲያውስ ገንዘቡን ከበርበሬ ንግድዎ ጋር ማወዳደር አለብዎት። ዓመቱን ሙሉ ቢታሰር በ12 በመቶ 36,000 ብር ያስገኛል፤ ስድስት ወር ብቻ ከታሰረ 15,000። ስለዚህ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ዓመት ባንኩ ዘንድ የሚያወጣው ዋጋ 21,000 ብር ነው። በርበሬ አዲሱ ምርት በሚደርስበት ወቅት ረክሶ ክረምቱ ሲቃረብ እንደሚወደድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ የገዙት ኩንታል በሰኔ ስንት እንደተሸጠ ከመዝገብዎ ላይ ይመልከቱ፤ ከትርፉ ላይ የማጓጓዣውን፣ የመጋዘኑን ኪራይ፣ ሲደርቅ የሚቀንሰውን ሚዛንና በእርጥበት የሚበላሸውን ይቀንሱ። የተረፈው በ300,000 ብር ላይ ከ21,000 ብር የሚበልጥ ከሆነ፣ ለእርስዎ ከሦስቱም ባንኮች የሚሻለው ወለድ ያለው በመጋዘንዎ ውስጥ ነው። ካልበለጠ ደግሞ የዓመቱ ውል ያዋጣዎታል፤ ይህንን ሊወስን የሚችል የባንክ ሠራተኛ ግን የለም።

ወደ ስድስት ወሩ ካዘነበሉ፣ 300,000 ብሩን በአንድ ውል አያስሩት። ሦስት የ100,000 ብር ውሎች እንዲዘጋጁልዎ ይጠይቁ። በመስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ወይም ድንገተኛ ሕመም ቢያስፈልግዎ አንዱን ብቻ ያፈርሳሉ፤ የሁለቱ ወለድ አይነካም። ባንኩ «ለአንድ ትልቅ ውል ነው 10 በመቶ የምሰጠው» ካለዎት፣ የወለዱን ልዩነት አስልተው ይወስኑ። ገንዘቡ ከማብቂያው ቀን በፊት ለሁለት ለሦስት ሳምንት ብቻ ካስፈለገዎትም ውሉን ከማፍረስ በፊት በጊዜ ገደብ ተቀማጩ መያዣነት ብድር ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የብድሩ ወለድ ከተቀማጩ ወለድ ከፍ ቢልም፣ ለጥቂት ቀናት የሚከፈለው ብር የስድስት ወር ወለድ ከማጣት ሊያንስ ይችላል።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። ባንኮች መዝገባቸውን የሚይዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰኔ 1 ቀን የፈረሙት የ6 ወር ውል በወረቀቱ ላይ ከጁን 8 እስከ ዲሴምበር 8 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ኅዳር 29 ቀን ማለት ነው። ብዙ ውሎች ደግሞ ደንበኛው በማብቂያው ቀን ቀርቦ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ ለተመሳሳይ ጊዜ በራሳቸው ይታደሳሉ። ኅዳር 29ን አልፈው በታኅሣሥ አጋማሽ ቢሄዱ ገንዘብዎ እንደገና እስከ ሰኔ መጀመሪያ ታስሮ ሊጠብቅዎ ይችላል። ስለዚህ ሲፈርሙ «ሲያበቃ ዋናውም ወለዱም ወደ ቁጠባ ሂሳቤ ይዙር» የሚል ትእዛዝ በጽሑፍ ይስጡ።

በጊዜ ገደብ ወለድ ላይ መደራደር ነውር አይደለም። ለቁጠባ ወለል እንጂ ጣሪያ እንደሌለ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ የጊዜ ገደቡ ወለድም በባንኩና በደንበኛው ስምምነት የሚወሰን ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወለድን መሠረት ያደረገ የገንዘብ ፖሊሲ ሲጀምር ያስቀመጠው የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ከባንኮች ጋር ሲገበያይ መነሻ የሚያደርገው መጣኔ፣ 15 በመቶ ነበር፤ ይህ ለእርስዎ በቀጥታ የሚከፈል ወለድ ባይሆንም፣ ገንዘብ በባንኮች ዘንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያመለክታል። የ300,000 ብር ባለቤት እንደ ትልልቅ ድርጅቶች ባይደመጥም፣ ከመስኮቱ አልፎ ሥራ አስኪያጁን ማነጋገርና የሌላውን ባንክ ወረቀት ማሳየት ምንም አያስከፍልም። በርበሬ ሲገዙ የመጀመሪያውን ዋጋ ተቀብለው ያውቃሉ?

እናትዎ ያሉት ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ በከፊልም እውነታቸውን ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ጊዜ 100,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር ያህል ሲያገኝ፣ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130,000 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ይህን «መሟሟት» ብለው ቢጠሩት ማን ይከራከራቸዋል? ከዚያ ወዲህ ንረቱ እየረገበ ቢመጣም፣ የቁጠባ ወለድ ሀብት ማፍሪያ ነው ብዬ ለማንም አልነግርም። የቁጠባ ሂሳብ ሥራው ገንዘብዎን እስከሚያስፈልግበት ቀን ድረስ ከሌባ፣ ከእሳትና ከብድር ጠያቂ ዘመድ ጠብቆ፣ ጉዳቱን በጥቂቱ ማቅለል ነው። እናትዎ ሊያውቁት የሚገባው ግን ወለድ በሌለበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ውስጥ ወይም በሣጥን ውስጥ ያለው ብር ከዚህም ፈጥኖ እንደሚሟሟ ነው።

የቀረው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ፣ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና ይሰጣል። ሦስት ውል በአንድ ባንክ ቢፈርሙ ጣሪያው ሦስት ጊዜ አይባዛም፤ የሚደመረው በስምዎ ያለው ጠቅላላ ተቀማጭ ነው። ማዞሪያውን በመጀመሪያው ባንክ፣ ዕቁቡን በሦስተኛው ባንክ ማድረግዎ በዚህ በኩልም ይጠቅምዎታል፤ ከሦስቱ ውሎች አንዱን በሌላ አራተኛ ባንክ በተቀራራቢ ወለድ ቢያገኙለት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ለዚህ ብቻ ብለው ግን ወለዱን በ2 በመቶ አያሳንሱ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በ7 በመቶ ቁጠባ 100,000 ብር አለኝ፤ ወለዱን በየወሩ ስለማወጣው ዋናው አይለወጥም። 7,000 ለ12 ሲካፈል 583 ብር ከ33 ሳንቲም እንደሚመጣ ለተማሪዎቼም አስተምራለሁ። የ2016 ዓ.ም. የሂሳብ መግለጫዬ ግን አንዱን ወር 564 ብር ከ79 ሳንቲም፣ ሌላውን 546 ብር ከ57 ሳንቲም ይላል። የተሰረቅሁ መስሎኛል።

አቶ መ.፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አልተሰረቁም፤ ሁለት ነገሮች ተደርበውብዎ ነው። አንደኛው የቀን ቆጠራ ነው። ባንክዎ ወለዱን በ12 ወር ሳይሆን በ365 ቀን አካፍሎ በቀን ያስባል፤ 7,000 ለ365 ሲካፈል በቀን 19 ብር ከ18 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በስተቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፤ የባንኩ ወር ግን የአውሮፓውያኑ በመሆኑ 31 ቀን ባለው ወር 594 ብር ከ52 ሳንቲም፣ 30 ቀን ባለው ወር 575 ብር ከ34 ሳንቲም ይሆናል።

ሁለተኛው ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በፋይናንስ ተቋም ከተቀመጠ ቁጠባ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ቀንሶ የሚያስቀረውም ባንኩ ነው። ከ594 ብር ከ52 ሳንቲሙ ላይ 29 ብር ከ73 ሳንቲም ሲነሳ ያዩት 564 ብር ከ79 ሳንቲም ይቀራል፤ ከ575 ብር ከ34 ሳንቲሙ ላይም 28 ብር ከ77 ሳንቲም ሲነሳ 546 ብር ከ57 ሳንቲም። የግብሩ መጣኔ በሕግ ማሻሻያ ሊለወጥ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራትም በዚሁ መንገድ እያካፈሉ ቢፈትሹ ጥሩ ነው፤ ለተማሪዎችዎም ከ583 ብር ከ33 ሳንቲሙ የተሻለ መልመጃ ይሆናል።

ስለ ወለዱ ማውጣት አንድ ቃል ልጨምር። በየወሩ ከማውጣት ይልቅ እዚያው ቢተዉት ወለድ ወለድ ስለሚወልድ፣ ከግብር በፊት በዓመቱ የሚያገኙት 7,000 ሳይሆን 7,229 ብር ያህል ነው። ብዙ አይደለም፤ ይሁንና ለማያስፈልግ ነገር ከተበተነ 12 ጊዜ 500 ብር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወለድ መቀበል በሃይማኖቴ ስለማይፈቀድ ገንዘቤን ከወለድ ነፃ በሆነ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጓደኞቼ «በዓመት 7 በመቶ እየተውክ ነው» ይሉኛል። አንዱ ባንክ «ሙዳረባ ክፈት፣ ታተርፋለህ» አለኝ። ይህን ከወለድ ጋር እንዴት ላወዳድረው?

አቶ ኸ.፣ መነኻሪያ አካባቢ

መልስ፦ አሁን ያለዎት ሂሳብ ዋዲዓ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ዋዲዓ አደራ ነው፤ ባንኩ ገንዘብዎን በጠየቁት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ትርፍ ለመክፈል ቃል አይገባም፤ ኪሳራም አይነካዎትም። ሙዳረባ ግን ሽርክና ነው። እርስዎ ገንዘቡን፣ ባንኩ ሥራውን ያዋጣሉ፤ ከተገኘው ትርፍ ላይ አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ከመጣ፣ ባንኩ ቸልተኝነት ወይም የውል ጥሰት እስካልፈጸመ ድረስ፣ በገንዘቡ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸከመው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ ባንኩ የሚከስረው ልፋቱን ነው።

በዚህ ምክንያት ባንኩ ለምሳሌ «ከትርፉ 60 በመቶ ለእርስዎ፣ 40 ለእኛ» ቢልዎ፣ ይህን ቁጥር ከ7 በመቶ አጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። 7 በመቶው በገንዘብዎ ላይ የሚታሰብ ሲሆን፣ 60 በመቶው የሚታሰበው ገና ባልታወቀ ትርፍ ላይ ነው። የትርፉ ቋት ትንሽ ከሆነ ከ60 በመቶ ድርሻ ይልቅ ቋቱ የሞላ ባንክ የሚሰጠው 40 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከድርሻው ይልቅ፣ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ለሙዳረባ አስቀማጮች በእርግጥ የተከፋፈለው ትርፍ በ100 ብር ስንት እንደነበር ይጠይቁ፤ ትርፉ በየወሩ፣ በሩብ ዓመት ወይም በዓመት እንደሚከፈልም ይጠይቁ። ካለፈው ተነስቶ ስለሚመጣው ቃል የሚገባልዎ ሠራተኛ ካለ ግን ይጠንቀቁ፤ አስቀድሞ የተቆረጠ ትርፍ ሙዳረባነቱን ያጣልና። በአገራችን መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ የተፈቀደው ቀድሞ ቢሆንም፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከዘምዘም ባንክ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም ስላሉ፣ የሚያወዳድሩት አያጡም። ጓደኞችዎን በተመለከተ፣ ያልፈለጉትን ነገር እንደተዉ አድርገው ቢቆጥሩልዎ ብዙ አይከፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት ሥራ ላይ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ከደመወዜ በወር 500 ብር ብቻ መቆጠብ እችላለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች 24 ሰው ያለበት፣ በወር 500 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ግቢ ይሉኛል። ባንክ ወለድ ይከፍላል፣ ዕቁብ አይከፍልም፤ ታዲያ ባንኩ አይሻልም?

ብ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቁብ ወለድ አይከፍልም ማለትሽ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በዚያ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ቢወጣልሽ 500 ብር ጥለሽ 12,000 ብር ታነሻለሽ፤ የቀረውን በ23 ወር ትመልሻለሽ። ይህ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፤ ያለ መያዣ ይህን የሚያደርግልሽ ባንክ የለም። የመጨረሻው ዕጣ ከደረሰሽ ደግሞ ለ23 ሰዎች ያለ ወለድ ያበደርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ዕቁብ ወለድ የሚከፍለው ቀድሞ ለሚወጣለት ሲሆን፣ የሚከፍልለትም ኋላ የሚወጣለት ሰው ነው።

አሁን ባንኩን እንይ። በየወሩ መጨረሻ 500 ብር በ7 በመቶ ለ24 ወር ብታስቀምጪ ያስገባሽው 12,000 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ደግሞ ግብር ሳይቀነስ 840 ብር ያህል ነው። ዕጣው በመጨረሻ ቢደርስሽ ከዕቁቡ ይልቅ ባንኩ በዚህ ያህል ይበልጥሻል ማለት ነው። ነገር ግን ከ840 ብሩ ላይ ለአጭር መልእክትና ለካርድ በየጊዜው የሚቆረጠውን ቀንሺ፤ ትንሽ ተቀማጭ ላይ ይህ ቅንስናሽ ከወለዱ ላይ የሚታይ ቁራሽ ይወስዳል። ሂሳቡን ስትከፍቺ ስለ ወለዱ ሳይሆን በዓመት ስለሚቆረጠው ጠይቂ፤ የማትጠቀሚበትንም አገልግሎት አታስመዝግቢ።

በእኔ አስተያየት ለአንቺ ዋናው ነገር 840 ብሩ አይደለም። በባንክ ያለውን 500 ብር ለስልክ ካርድም ለጫማም ማውጣት ትችያለሽ፤ ዕቁብ ግን ዳኛው ያስገድድሻል፣ ጓደኞችሽ ይጠብቁሻል። ራስሽን ታውቂያለሽ፤ እጅሽ ቶሎ የሚፈታ ከሆነ ዕቁቡ ይሻልሻል። ከመግባትሽ በፊት ግን ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራ እንደሆነ፣ ከፓርኩ ሥራ ለቆ ወደ አገሩ የሄደ አባል ቢኖር ዕዳውን ማን እንደሚሸፍን አጣሪ፤ ከላይ ለወ/ሮ ት. የጠቀስሁት የተቀማጭ መድን ዕቁብን አይሸፍንም። የፓርኩ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እንደሚቀያየር ስለምታውቂ፣ የ24 ወር ዕቁብ ይረዝምብሻል ባይ ነኝ፤ 12 ሰው ያለበት ከተገኘ ያንን ምረጪ። ሁለተኛ ዕጣ ላይ ወጥቶልሽ 6,000 ብሩን ካነሳሽም፣ የምትገዢበት ነገር እስኪደርስ ድረስ በቁጠባ ሂሳብሽ ውስጥ ይቆይልሽ።